እምዬና ስኳሯ

ስለ እምዬ በተነሣ ቁጥር ዘመድ አዝማድ ቀድሞ የሚያወራው ስለ ቁጣዋ ነው። ሸዋ ሮቢት ገበያ ሽንኩርት ከሚቸረችሩት ጀምሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ድረስ አንደበቷን የማይፈራ አልነበረም። እሷ ቤት ያደግሁት እኔ፣ የልጅ ልጇ፣ ግን ከቁጣዋ ይልቅ የማልረሳው ሥርዓቷን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ከስኳር ሕመም ጋር ኖራለች፤ ያረፈችው ሰማንያ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። እስከ መጨረሻዋ ዓመት ድረስ የቤቱ አዛዥ እሷ ነበረች፤ የሕመሟም አዛዥ እሷው።

ይህን የምጽፈው እናቱን፣ አባቱን ወይም አያቱን ስኳር ይዟቸው ቤት ውስጥ ለሚያስታምም ሰው ነው። ሐኪም አይደለሁም። የመድኃኒት ዓይነትና መጠን መወሰን የሐኪም ሥራ ነው። ነገር ግን የስኳር ታማሚ ሐኪሙን የሚያገኘው በወር ወይም በሦስት ወር አንዴ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረው ጊዜ የሚያልፈው በጓዳ፣ በምድጃ ዳር፣ በለቅሶ ቤት፣ በጾምና በገበያ ነው። እኔ የማወራው ስለዚያኛው ጊዜ ነው።

ሕመሙ ሲጀምራት ማንም ልብ አላለውም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ሰው ውኃ አብዝቶ ቢጠጣ ማንንም አይገርመውም። ሌሊት እየደጋገመች ስትነሣ "ዕድሜ ነው" ተባለ። እየከሳች፣ አቅም እያጣች ስትሄድ "ወባ ነው" ተባለ። በእኛ አካባቢ ከወባ በፊት የሚጠረጠር በሽታ ስለሌለ ደሟ የሚመረመረው ለወባ ብቻ ነበር። ነገሩ የታወቀው ዓይኗ ብዥ ብሎ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት ሲያቅታት ነው። መነጽር ልትጠይቅ በሄደችበት አንዲት ነርስ ጣቷን ወጋ አድርጋ ስትለካት መለኪያው ከ400 በላይ አነበበ። ጤነኛ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ሲለካ ከ100 በታች ነው የሚያሳየው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ከታየ ስኳር አለ ማለት ነው። ቆላ የምትኖሩ ወገኖች፣ ጥማት፣ የሽንት መመላለስና መክሳት አንድ ላይ ከመጡ ከወባው ምርመራ ጋር ስኳሩንም አስለኩ። ጣት ወግቶ ውጤት ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ የተሰጣት ኪኒን ነበር፤ ሜትፎርሚንና ግሊበንክላማይድ። ዓመታት አለፉና ኪኒኑ አልበቃ አለ። ሐኪሙ ኢንሱሊን ሲያዝላት ቤቱ ያለ ሬሳ ለቅሶ ተቀመጠ። "መርፌ ከተጀመረማ አበቃ" የሚለውን ወሬ የማያውቅ ሰፈር የለም። ሰዉ መርፌ የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ሲሞት ያይና መርፌው ገደለው ይላል። መርፌውን እምቢ ሲል ስንት ዓመት እንደቆየ፣ ኩላሊቱና ዓይኑ ከተጎዱ በኋላ እንደጀመረው ግን ማንም አያነሣም። ሐኪሙ ለእምዬ በትዕግሥት አስረዳት። ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ሕመሙ እየቆየ ሲሄድ ቆሽት ይደክማል፤ መርፌው የጎደለውን መሙያ እንጂ ቅጣት አይደለም አላት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ስኳር የያዛቸው ሕፃናት ሞታቸውን ብቻ ይጠብቁ እንደነበርም ነገራት። በጥር 1922 መጀመሪያ የተወጋው ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ መሆኑን ስትሰማ ከሁሉም ይልቅ እሱ ነው ያሳሰባት።

"ልጁ ዳነ ወይ?" አለችው።

"ዳነ አይባልም እማማ፤ በሽታው አብሮት ቢቆይም ከሞት አፋፍ ተመልሶ 13 ዓመት ኖሯል።"

"እንግዲያውስ እኔ አሮጊቷ ምን እንዳይጎድልብኝ ነው?" አለችና ክንዷን ዘረጋችለት።

ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነበር፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ እኛ ሰፈርም ደርሶ ነበርና። ንባቡ ብዙም አልዘለቀላትም፤ ቁጥር ግን ጥርት አድርጋ ታውቃለች። ይህቺ ትንሽ እውቀት ከስንት ዓመት በኋላ ሕይወቷን ትይዝላታለች ብሎ ማን አሰበ? በኢንሱሊን መርፌው ላይ የተሰመሩትን መስመሮች እያነበበች ጠዋት 24፣ ማታ 12 ትወጋ ነበር። ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ መርፌውን የምንቀዳላት እኛ ልጆች ሆንን፤ እሷ ግን ሥልጣኑን አልለቀቀችም። ብልቃጡን ራሷ ታነሣና በሁለት መዳፎቿ መካከል እንደ እንዝርት ታሽከረክረዋለች። አትንጠውም፤ ሲናጥ አረፋ ይይዝና መጠኑ ይዛባል። የእሷ ኢንሱሊን ድብልቁ፣ ማለትም 70/30 የሚባለው ስለነበረ ተኝቶ ሲቆይ ከላይ ጥርት ያለ ውኃ፣ ከታች ነጭ አተላ ይሆናል። በደንብ ሲሽከረከር ሁሉም እኩል ወተት ይመስላል። ከተሽከረከረም በኋላ ጓል ከታየበት ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ አመዳይ የመሰለ ነገር ከቀረ ተበላሽቷልና ይጣላል። ከዚያ መርፌውን ወደ ብርሃን ታስይዘንና "ስንት ላይ ነው?" ትላለች። "ሃያ አራት ላይ።" "ድገም።" "ሃያ አራት።" ሁለተኛ ሰው ቤት ካለ እሱም አይቶ ይናገራል። በዚህ አሠራር የተበሳጨ ብዙ ሰው ነበር። በዚያን ሁሉ ዓመት ግን አንድም ጊዜ መጠን አልተሳሳተባትም።

የምትወጋበትን ቦታም ታፈራርቃለች፤ ዛሬ ሆድ በስተቀኝ፣ ነገ በስተግራ፣ ከዚያ ጭን። አንድ ቦታ ሁልጊዜ ሲወጋ ከቆዳ ሥር እብጠት ይሠራል፤ እብጠቱ ላይ የተወጋ ኢንሱሊን በአግባቡ ወደ ደም አይገባም። ከዚህ ሁሉ በላይ የማትሽረው ሕግ ግን ሌላ ነበር። ድብልቁ ኢንሱሊን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው የሚወጋው፤ እሷም እንጀራው ከነወጡ ተዘጋጅቶ በዓይኗ ካላየች መርፌ አታስነካም። "ምጣዱ ላይ ያለውን አላምንም፤ መሶብ ውስጥ ያለውን አሳዩኝ" ትላለች። ተወግቶ ሳይበሉ መቆየት ምን እንደሚያመጣ በአንድ ክፉ ምሽት አይታዋለችና፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

የተጠቀምንበትን መርፌ ሃይላንድ ውስጥ አጠራቅመን፣ ክዳኑን አጥብቀን ጤና ጣቢያ እንመልሳለን። ሜዳ ላይ የተጣለ መርፌ የጎረቤት ልጅ እግር ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ ቆላ ለሚኖር ኢንሱሊን ተጠቃሚ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ የተከፈተው ደግሞ ሙቀት ካልበዛበት ወደ አራት ሳምንት ያገለግላል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ በበጋ ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ከ30 ዲግሪ ይበልጣል፤ መብራትም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። መጀመሪያ ጎረቤት ያለች ለስላሳ የምትሸጥ ሴት ፍሪጅ ውስጥ እናስቀምጥ ነበር። አንድ ጊዜ ብልቃጡ በረዶ ቤቱ ሥር ተሸጉጦ ስላደረ እንደ ድንጋይ ሆኖ ወጣ። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፤ ከሙቀት ይልቅ በረዶ ፈጥኖ ነው የሚገድለው። ጣልነው፤ የብልቃጡን ዋጋ ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ወደ ሸክላው ሄድን። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ናት ያሳየችን። አፈ ሰፊ ትልቅ ገንቦ ውስጥ ከሮቢ ወንዝ የመጣ አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው መሐል ትንሽ ማሰሮ ይቀበራል፤ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውኃ ይርከፈከፍበታል። ብልቃጡ ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ማሰሮው ውስጥ ይገባል፤ ከላይ እርጥብ ጨርቅ ይደፋበታል። የሚቀመጠው ፀሐይ በማያገኘው፣ ነፋስ በሚያልፍበት ጥግ ነው። ውኃው በሸክላው እየተነነ ሲወጣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የእንስራ ውኃ በበጋ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ነው። አየሩ ደረቅ ሲሆን በደንብ ይሠራል፤ ክረምት እርጥበቱ ሲበዛ ኃይሉ ይቀንሳል። እንደ ፍሪጅ አይሆንም፤ ለተከፈተው ብልቃጥ ግን ይበቃል። ያልተከፈቱትን ጤና ጣቢያው ከክትባት ማቀዝቀዣው አጠገብ ባለው የመድኃኒት ፍሪጅ እንዲያስቀምጥልን ለምነን ተስማማን። መጠየቅ ነው እንጂ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።

መድኃኒቱ ራሱ የጠፋበት ጊዜም ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ስለሆንን ምርመራውና መድኃኒቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው የሚገኘው፤ ችግሩ መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ነው። ያኔ ከግል መድኃኒት ቤት በኪስ ገንዘብ መግዛት፣ እዚያም ከታጣ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ግድ ይላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ኢንሱሊን ጣርማ በር ላይ ብርድ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀት ይመታዋል። ፔርሙስ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ የነካው ጨርቅ አልብሰን፣ በረዶ ከጨመርንም ብልቃጡን በቀጥታ እንዳይነካ አድርገን ነበር የምናስመጣው። ሹፌሩ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ እንዳያስቀምጠውም አደራ እንላለን። እምዬ ደግሞ የራሷ ሕግ ነበራት፤ በእጅ ያለው ብልቃጥ ሲጋመስ ቀጣዩ መፈለግ ይጀመራል። ሲያልቅ የሚፈልግ ሰው ያለ መድኃኒት ያድራል።

ምግቡ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ሐኪም ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ልጆቿ መሶቡን ይፈትሻሉ፣ ማንጎውን ይደብቃሉ፣ "እናቴ ይህን አትንኪ" ይላሉ። በማንጎ አገር ማንጎ የተከለከለ ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። አንድ ቀን በሁሉም ፊት ከተደበቀበት ጓዳ ራሷ አውጥታ መሐል አስቀመጠችውና "በገዛ ቤቴ ሌባ አታድርጉኝ!" አለች። ነገሩ ከዚያ ቀን በኋላ ተለወጠ። ስምምነቱ ግማሽ ማንጎ፣ እሱም ከምሳ በኋላ ሳይሆን በመክሰስ ሰዓት ብቻውን፣ ከዚያ ከሁለት ሰዓት በኋላ መለካት ሆነ። ቁጥሩን ስታይ ራሷ ወሰነች፤ ማንጎውን በሳምንት ሁለቴ አደረገችው፤ ፓፓያውን ይበልጥ ወደደችው። ፖሊስ ሆኖ ከመቆም መለኪያውን መስጠት ይሻላል የምለው ይህን አይቼ ነው። ተደብቆ የሚበላ ሰው ስንት እንደበላ አይናገርም፤ ያልተነገረ ምግብ ደግሞ የሐኪሙን ስሌት ሁሉ ያፋልሳል።

"ጤፍ ለስኳር መድኃኒት ነው" የሚሉ አሉ። እምዬም ጤፍ ትወድ ነበር፤ ሐኪሟ ግን ጤፍም ቢሆን እህል ነው፣ ሁለት እንጀራ ሁለት እንጀራ ነው ይላት ነበር። የሠራላት ነገር እንጀራውን ማሳነስና ወጡን ማብዛት ነው፤ ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮ። "ማር ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም" ለሚሉትም መለኪያው መልስ ሰጥቷቸዋል። አብሽ ጠዋት ጠዋት ትጠጣ ነበር፤ ማንም አልከለከላትም፤ በአብሽ ምክንያት ግን መርፌዋን አንድም ቀን አልተወችም። ቡናው ላይ ነበር የተፈተነችው። ስኳሩን ትታ በአገሯ ልማድ ጨው ማድረግ ጀመረች። ቀጥሎ ደም ግፊት መጣና ጨውም ተከለከለ። "እግዜር ቡናዬን ለምን ጠላው?" ብላ ጤና አዳም ብቻ ጣል እያደረገች ጠጣች። ስኒውን ወደ አፏ ስታስጠጋ የምታጨማድደውን ፊት ማየት ለእኛ ትርኢት ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ከሁሉ አስፈላጊው ነው፤ ስኳር ሲወርድ። ስኳር ሲወጣ ቀስ ብሎ ይጎዳል፤ ሲወርድ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይጥላል። በአንድ የክረምት ምሽት እምዬ ዝናብ ይዟት ከለቅሶ ቤት ዘግይታ መጣች። ከመውጣቷ በፊት ተወግታ፣ እዚያ ደርሳ ግን በሐዘኑ ምክንያት ንፍሮ እንኳ በወጉ አልቀመሰችም። መሐል ቤት ቆማ የሞተች እህቷን ስም እየጠራች ትሳደብ ጀመር። ግንባሯ ላብ አቸፈቸፈ፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ነጠላዋን መልሳ መላልሳ ትፈታለች ታስራለች። አብራት የመጣች ሴት "ቡዳ ነው፣ ለቅሶ ቤት በልቷት ነው" ብላ ጭስ ልታጨስ ተነሣች። አጎቴ መለኪያውን አመጣ፤ 41። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ይባላል። ብርጭቆ ሻይ ውስጥ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጠን እየተቆጣችን አጠጣናት። ሩብ ሰዓት ጠብቀን ስንለካ 63፤ ያንኑ ደገምን። እየቆየ ዓይኗ ጠራ፤ "ምን ሆናችሁ ነው የተሰበሰባችሁት?" አለች። ከዚያ እንጀራ በሽሮ አበላናት፤ ስኳሩ ብቻውን ካነሣት በኋላ መልሶ ስለሚወርድ ምግብ መከተል አለበት።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሁሉ ይህን እንዲያውቅ ተደረገ። የስኳር ታማሚ ድንገት ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ያለ ጠባዩ ከተቆጣ ወይም ከቀባጠረ መለኪያ ባይኖርም ስኳር ይሰጠው። ወጥቶ ከነበረ አንድ ብርጭቆ ሻይ አይገድለውም፤ ወርዶ ከነበረ ግን ያተርፈዋል። ራሱን ስቶ መዋጥ ካልቻለ ግን ምንም ነገር በአፉ አይፈስበትም፤ ትን ይለዋል። በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው፤ እዚያ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጡታል። እምዬ በነጠላዋ ጫፍ ከረሜላ ቋጥራ ነበር የምትወጣው። ልጆች ያንን ስላወቁ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እየጠበቁ ይለምኗት ነበር፤ እሷም እየተራገመች ትሰጣለች።

ጾሙን እንዴት እንዳደረገችው ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እምዬ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ የምትውል ሰው ነበረች። ሐኪሙ ሲነግራት አልሰማ አለች። የሰማችው የነፍስ አባቷን ነው። እሳቸው ቤት ድረስ መጥተው "በልተሽ ጹሚ። ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን ተዪ፤ ሰዓቱን እኔ ፈታሁሽ። መድኃኒት ትቶ መሞት ጾም አይደለም" አሏት። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ሐኪሙና ነፍስ አባቱ የሚሉት አንድ እንዲሆን አስቀድማችሁ ሁለቱንም አነጋግሩ። ጎረቤታችን ያለችው ሙስሊም ሴትም ስኳር ነበረባት፤ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዳ የኪኒኗን ሰዓት ወደ ሱሑርና ወደ ኢፍጣር ታዞራለች፤ ስኳሯ ሲወርድ የምታፈጥርበት ፈቃድ እንዳላትም ታውቃለች። ሁለቱ ባለ ስኳሮች በአጥር ላይ ቁጥራቸውን ይነጋገሩ ነበር። "ስንት አደርሽ?" ሰላምታቸው ሆኖ ነበር።

ጸበልም እንዲሁ ነው። ጻድቃኔ ማርያም ለመጠመቅ ስትሄድ መርፌዋን ቤት ጥላ እንድትሄድ የመከሯት ነበሩ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ጸበልና መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር፤ ያንን የሰማች ሴት ስለነበረች "ጸበሉ ለነፍሴ፣ መርፌው ለቆሽቴ" ብላ ሁለቱንም ይዛ ሄደች። ጸበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ስለሆነ ከተጠመቀች በኋላ ምግቡ ሲቀርብ ነበር የምትወጋው። እዚያም ቢሆን ሐኪሟን አስቀድማ ጠይቃ ነበር።

እግሯን በተመለከተ ሥራው የትንሹ የአክስቴ ልጅ ነበር። ማታ ማታ እግሯ ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል፤ ውኃውን የሚሞክረው ልጁ ነው እንጂ እሷ አይደለችም፤ ስሜቱ የደከመ እግር የሚያቃጥለውን ውኃ ለብ ያለ ነው ይላል። በጣቶቿ መሐል ይደርቃል፣ በትንሽ መስታወት ውስጥ እግሯ ይታያል። ኮንጎ ጫማዋን አስጥለን ለስላሳ የቆዳ ጫማ ለማስለመድ ግን ዓመት ፈጅቶብናል። ፕላስቲኩ በሙቀት ይለበልባል፣ ጠርዙም ይልጣል። አንድ ቀን ጫማዋን ሲያራግፍ ልጁ የሚስማር ጫፍ አገኘበት፤ ቀኑን ሙሉ ረግጣው ውላ አልተሰማትም። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፣ በሁለት ሳምንት ዳነ። እዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ቁስል "ይሻለዋል" እየተባለ ቆይቶ እግሩ የተቆረጠ ሰው ነበረና ነው የፈጠንነው። ምድጃ ዳር እግር ማሞቅም አቁማለች፤ ቢበርዳት ካልሲ ነው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት አንድ የሚገርም ነገር መጣ። ስኳሯ እየወረደ ሄደ። ጠዋት የምትወጋው መጠን ከ24 ወደ 18፣ ከዚያ ወደ 10 ዝቅ አለ። ዘመድ እልል አለ፤ "ጸበሉ ሠራ"፣ "አብሹ ሠራ" ተባለ። ሐኪሙ ግን ደሟን አስመርምሮ ክሬቲኒኗ፣ ማለትም የኩላሊትን መድከም የሚያሳየው ቁጥር፣ ከፍ ማለቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ኩላሊት ኢንሱሊንን ከሰውነት ከሚያስወግዱት አንዱ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም የተወጋው ኢንሱሊን ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ስኳሩም ይወርዳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እኛም አናውቅም ነበር። ለብዙ ዓመት ስኳር የኖረበት ሰው ምግቡን ሳይለውጥ መድኃኒቱ በድንገት "በዛበት" ማለት ከጀመረ ከመደሰት በፊት የኩላሊት ምርመራ ይደረግለት። ሜትፎርሚኑም ያኔ ነው የቆመላት።

የኩላሊት እጥበት ተነሥቶ ነበር። አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ በሳምንት ሦስት ጊዜ መመላለስ ማለት ነበር። ልጆቿ ገንዘቡን ለመዋጣት ተስማሙ፤ እምዬ ሁሉንም ሰበሰበችና "የእኔን ዕድሜ ለመሸመት የልጆቻችሁን ትምህርት እንዳትሸጡ" አለች። ሐኪሙ ፈቃዷን አክብሮ እብጠቱንና የትንፋሽ ማጠሩን የሚያስታግስ መድኃኒት ሰጣት፤ ሕመሙ ሳይበረታባት በራሷ አልጋ ላይ አረፈች። ሥርዓተ ቀብሯን እንኳ ራሷ ነበር ያዘዘችው፤ ድንኳኑ ከማንኛው እድር እንደሚመጣ ሳይቀር።

አርባዋ ሲወጣ የተሰበሰበውን ዘመድ እናቴ አላስበተነችም። ስኳር በዘር ይሄዳል፤ የእምዬ ልጆች ሁሉ ሳይቀምሱ ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲለኩ አስገደደቻቸው። አንዷ አክስቴ 134 ሆነባት፤ ሲደገምላት 130። አሁን ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ትውጣለች፣ ማታ ማታ ትራመዳለች፣ ገና በጊዜው ስለታወቀላት ዓይኗም እግሯም ደህና ነው። የቀሩት ነፃ ናቸው፤ በየዓመቱ ይለካሉ። መለኪያውን ይዞ እምዬን ያዳናት ያ አጎቴ ብቻ ነው እስካሁን ያልተለካው። መጀመሪያ ፋሲካ ይለፍ አለ፤ አሁን ደግሞ ልደታ ትለፍ ብሎናል።